እሳቱን ቀንሰው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወተት ቦቴ ነድቼ፣
የኖርማንዲን ጭቃ ሌት በጎማ አቡክቼ፣
የየበረቱን ውሻ በድምፁ ለይቼ፣
አንድ ማንኪያ ስልባቦት ከእሳት አገናኝቼ
አላውቅም ነበር።

ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ዝናቡ ጣሪያ ይቆላል፤
ኦዲል «እመጣለሁ» ብላ ደውላለች፤ ይሆናል፣
አሥራ አንድ ዓመት የዛገ በር በአንድ ስልክ ይከፈታል።

የእማን የፖም ማሳ ስሸጥ ነው የኮረፈች፤
ፊርማዬን አየች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ወጣች።
እኔም አልተከተልኳት። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ዋጥኩት፤
አሥራ አንድ ገና ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ያዝኩት።

ዶሮዋን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ማዳም ለኩርቷ ናት፤
ላባዋን ነጭታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላት፤
«ለማን ነው?» አለች። «ለእህቴ» ብዬ መለስኩላት።
ዝም ብላ አየችኝና ጓዳ ተመልሳ ገባች፣
ሁለት እንቁላል በኪሴ ጨመረች።
የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር
እሷ ብቻ ናት በእንቁላል የምትናገር።

ቅቤውን አቀለጥኩ። ጭኑን፣ ደረቱን፣ በቆዳው አስተኛሁ፤
ወርቅ እስኪመስል ድረስ እጄን አጣምሬ ቆየሁ፤
ቀይ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ እፍኝ እንጉዳይ ደረብኩ፤
ከዚያም የፖም ጠጁን፣ ቡሹን ነቅዬ ለቀቅኩ።
ከሸጥኩት ማሳ የቀረ የመጨረሻ ጠርሙስ ነው፤
አቧራውን ጠርጌ አላውቅም፤ ለምን እንደሆን እኔ ነኝ የማውቀው።
ድስቱ ጮኸ። ወደ ኋላ አልኩ።

ካሮቱን እንደ ሳንቲም ከተፍኩት፤ ድንቹን ቀቅዬ ደቆስኩት፤
ባሮ ሽንኩርቱን ሰንጥቄ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣
አፈሩን በየንብርብሩ ደብቆ ይኖራልና፤
ውጪው ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፤ ሰውም እንዲሁ ነውና።

ስልባቦቱ መጨረሻ። ወፍራም ነው፤ ማንኪያ ያቆማል።
ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ፤ መኪና በጭቃው ይሰማል፤
ቸኮልኩ፤ እሳቱን ጨመርኩ፤
ተፍለቀለቀ፤ «ተሳካ» አልኩ፤
ከዚያ ተቆራረጠ።
ቅባቱ በአንድ ወገን፣ ውሃው በሌላ ወገን አፈጠጠ፣
አንድ ድስት ውስጥ ሆነው፣ ተኮራርፈው፤
እኔ ማማሰያ ይዤ፣ አስታራቂ ሽማግሌ መስዬ በላያቸው።

በፊት በር ስጠብቃት በጓሮው በር ገባች፤
ፀጉሯ ሸብቷል። ሳትስመኝ ድስቱ ውስጥ አየች።
«እሳቱን ቀንሰው» አለች።

ንግግር ነበረኝ እኮ፤ ሌሊት ሌሊት ስነዳ
ለዝናብ መጥረጊያው ሳሰማው የኖርኩት፣ ከ«ይቅርታ» እስከ «ዕዳ»።
አንዱም አልወጣ። «እንቁላል አለህ?» ስትለኝ፣
ሁለቱን ከኪሴ አወጣሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።

ድስቱን ከእሳት አወረደች፤ አስኳሉን ለየች፣ መታች፣
ከትኩሱ መረቅ በጭልፋ እያለማመደች መለሰች፤
ቀስ። ቀስ። በእጅ አንጓ ብቻ።
የተጣላው ሲገናኝ አየሁ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ዛቻ።

«እማም ትቆራርጠው ነበር» አለች፣ ዐይኗን ሳታነሳ፣
«በየእሑዱ። አንተ ሹካህን ይዘህ ስትጮህ እንደ አንበሳ፣
ጓዳ ገብተን እናጠልለዋለን፤ ወንፊት ያዥዋ እኔ ነበርኩ፤
አስምላኛለች፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩ።»

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የእናቴን ድስት ያለ እንከን
እንደ ሥዕል ሰቅዬ ኖርኩ፣ እስከ ዛሬዋ ቀን።

ካሮቱ ከሥሩ አርሯል። ፖሙስ? ፖሙን ጨርሶ ረሳሁ፤
ተቆርጦ በሳህን ጠቁሯል፤ እሷ ስታየው አየሁ።
የየት እንደሆነ ሳትጠይቅ አንዱን አንስታ ገመጠች።
ስለ ማሳው አልተነሳም። ዝናቡም አላቆመም።
የመረቁን ጠርዝ በዳቦ ጠርጋ ዋጠች፣
«ጨው ያንሰዋል» አለች፤
ሳህኗን ግን ደግማ ዘረጋች።