የአልጋ ሂሳብ

ክፍል ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣
እንግዳው ወጥቷል በሌሊት፤
ትራሱ ላይ ጉድጓድ ትቶ፣
እርጥብ ፎጣ ወለሉ ላይ ዘርግቶ።
እኔ በዚህ ጫፍ፣ ሙንዚር በዚያ ጫፍ፣
ነጩን አንሶላ ስናራግፍ፣
በመካከላችን ይነፋል እንደ ሸራ፤
በመስኮቱ ቀይ ባሕር፣ ከማዶ የእሱ ተራራ።

አባቴ «ያልጋነሽ» ብሎ ስም ሲያወጣልኝ በቋራ፣
ዙፋን ነበር ያሰበው፣ የሹም ወንበር፣ የወግ ስፍራ።
ይኸው ደረሰ ምርቃቱ፣ አልጋ በአልጋ ሆንኩኝ፤
በቀን ዐሥራ ስድስት አልጋ ኤላት ላይ ወረስኩኝ፤
አንጥፌ የማልተኛበት፣ ሌላ የሚያድርበት አልጋ።
ዙፋንስ ሞልቷል፣ አባዬ፤ የጠፋው የዙፋን ዋጋ።
ደረቴ ላይ ያለው ካርድ «ያኤል» ብሎ ይጠራኛል፤
የሙንዚር ካርድ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል።

ሙንዚር ከአቀባ ነው። ከሌሊቱ ዐሥር ላይ ተነሥቶ፣
ኬላው ላይ ሰልፍ ይይዛል፣ ቀበቶውን ፈትቶ።
ሦስት ሰዓት ይቆማል፣ የማይከፈልበት ሦስት ሰዓት፤
ማታም ሳይጨልም ይወጣል፣ ማደር ስለማይፈቀድለት።

አንድ ቀን በምሳ ዕረፍት የደሞዝ ወረቀታችንን
አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋን።
ዕብራይስጡን እሱ አያነብም፤ እኔም እንደ ነገሩ ነኝ፤
ቁጥር ግን ቁጥር ነው፣ ዐይኔን አልዋሸኝ።
«አቀባ ሆቴል ሳለሁ፣ ይኸንኑ ሥራ ስሠራ፣
ወር የለፋሁበት ገንዘብ፣ እዚህ ዘጠኝ ቀን ነው ቢጣራ።
ደላላው ግን አፉን ከፍቷል፣ የአውቶቡሱ፣ የፈቃዱ፤
ኪሴ ሳይደርስ ገንዘቡ ይረግፋል በየመንገዱ።
ቢሆንም» አለኝ፣ «በእኛ ቲማቲሙ ርካሽ ነው፤
ቤቱም የአባቴ፤ ማታ ልጆቼን አቅፌ ነው የማድረው።»

እኔ በወረቀት እበልጠዋለሁ፤ ጡረታ አለኝ፣ የሕመም ቀን፤
አከራዬ ግን ወር በገባ ማግስት ይወስዳል ግማሹን።
የቀጠረኝም ሆቴሉ አይደለም፤ ኤጀንሲው ነው፣ በየዘጠኝ ወሩ አሰናብቶ
እንደ አዲስ የሚቀጥረኝ መልሶ፤
ዕድሜዬን እንደ አንሶላ አጥቦ፣ አጥፎ፣ ተኩሶ።

ያን ዕለት ትራሱን ሳነሣ ሃያ ሰቅል ታጥፋ ተኝታ!
ተያየን። ዝም አልን ላንድ አፍታ።
ለእኔ ምንድን ናት ሃያ ሰቅል? ከመናኸሪያው አንዲት የፈላፍል ቂጣ፤
ለእሱ ግን ራት ናት፣ ለአምስት አፍ የምትመጣ።
«ዐሥር ዐሥር» አለ ሙንዚር።
ያንዱ ዐሥር ኬላ ሲያልፍ ይሰባል፤ ያንዱ እዚሁ ይከሳል፤
እኩል የተቆረጠ ዳቦ እንዲህም አርጎ ይበላለጣል።
«ሁሉንም ውሰድ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤
«ምጽዋት አልጠየቅሁሽም» ብሎ አንሶላውን ለጠጠ።
ቀሪውን ሰባት አልጋ ሳንነጋገር አነጠፍን፤
ሃያዋን ጋሪው ላይ፣ ከሳሙናው ሥር አስቀመጥን።

በሳልስቱ ኬላው ተዘጋ። ለምን? የነገረን የለም።
ሙንዚር አልመጣም፤ ምትክም አልላኩም።
ሠላሳ ሁለት አልጋ ብቻዬን፣ አንሶላው እምቢ እያለ፣
ይኼን ጫፍ ስይዝ ያኛው ከእጄ እየኮበለለ።
ደሞዜ ግን ያው ነበር፤ የእሱስ ድርሻ የት ዋለ?

ልጅ ሳለን ቄሱ ያነቡልን ነበር ከኦሪቱ፣
የምንደኛ ደሞዝ እንዳያድር፣ ፀሐይ ሳትገባ በፊቱ።
አየኋት ስትገባ፣ የማዶውን ተራራ አቅልታ፤
የማንን ደሞዝ ጠብቃ ነው እንዲህ የዘገየች ማታ?

ከመውጣቴ በፊት፣ ከዚያው ክፍል ሰገነት፣
አንድ አንሶላ ሰቀልኩ፣ ከማዶ እንዲያየው ለምልክት።
ተቆጣጣሪዋ «ማን ነው?» ብላ ጮኸች፤
የግማሽ ቀን ደሞዜን በብዕሯ ሰረዘች።

በአራተኛው ቀን መጣ። «አየኸው ወይ?» አልኩት።
«ምኑን?» አለኝ።
«ተኝቼ ነበር። በገዛ አልጋዬ። ሦስት ቀን። አልሐምዱሊላህ።»
ሃያ ሰቅሏ ከሳሙናው ሥር አልነበረችም፤
ማን እንደወሰዳት እኔም እሱም አልጠየቅንም።
እኔ በዚህ ጫፍ፣ እሱ በዚያ ጫፍ፤
«ሳቢ» አለኝ፣
ያስተማርኩትን ብቸኛ አማርኛ።