የሰሊጥ ዕዳ

ከመተማ ጎንደር ደሳለው በኅዳር
ሰሊጥ አጭዶ ገባ፤ ቆመ ከበሩ ዳር፣
እጁን ኪሱ ከቶ።
“አምጣው” ብዬ ሳየው መዳፉ ተሰንጥቋል፣
ውሃ እንዳጣ ማሳ ዳር እስከ ዳር ነቅቷል።
ልጁን ሲያቅፍ እንኳ ጣቶቹን ሰብስቦ፣
ሞረድ የሆነ እጁን ከጉንጯ ላይ ስቦ።

“ሰሊጥ እኮ” አለኝ፣ “ሲበስል ይፈነዳል፤
ቶሎ ካላጨዱት ማሳው ላይ ይረግፋል፤
ያኔ ስለ መዳፍ ማን ሊያስብ ይችላል?”

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ ማለዳ፣
ያንኑ ሰሊጥ ራሱን ላስከፍለው ዕዳ።
የአዘዞዋ ባንቺ ዋጋ ስትነግረኝ፣
የሁለት ቀን ምንዳው ስኒ አልሞላልኝ።
ዝም አልሁ።
ከፈልሁ።

ማታ እጁን ዘፍዝፌ፣ ዘይቱን ለብ አድርጌ፣
አሸሁት አንድ በአንድ ስንጥቁን ፈልጌ።
አንድ ሳምንት እንዲህ፤ ጠፍር እንደሚላላ
ቆዳው እሺ አለኝ፣ ከአውራ ጣቱ ሌላ።
እዚያ ማጭድ ገብቷል፤ ዘይት ምን ሊያደርገው?
“ሐኪም ይየው” ብለው “ይቅር” ነው የሚለው።

ዛሬ ግን ልጃችን ፊቷ ወዝቶ ሳያት፣
ጉንጯ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል፤
ተኝታ ዳብሷት።