ሦስት ክኒን

በመሀረብ ጥግ ቋጥሮ ሦስት ክኒን ይዞ መጣ፣
ከሂርማታ ጀምሮ የጅማን ዝናብ እየጠጣ።
ተማም አባ ቡልጉ፣ የምስማርና ቆርቆሮ ቸርቻሪ፤
ቆመ ከላቦራቶሪው በር፣ የወለሉን ንጣት ፈሪ።

«ስም የለው፣ ማኅተም የለው፤ ከፍራሿ ስር አገኘሁት።
እዪልኝ እስቲ፣ እህቴ። እሷን ገና አልጠየቅኋት።
ሦስት ዓመት ሞላን ከሉባባ ጋራ።
ብቻዋን ከሆነች እሳት አታያይዝም፤
ልብስ ልጠብ ብላ አዌቱ አትወርድም።
ጎረቤት ሰነፍ ይላታል፤ የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ፤
መስተፋቅር ይሁን መርዝ፣ ሌሊቱ ነጋ ሳሰላ።»

ቅጹን ሞላሁ። «የናሙናው ስም» ከሚለው ፊት ለፊት
ሰረዝ ብቻ ጣልኩበት።

አንዷን በሙቀጫ አደቀቅሁ፣ በአልኮል አሟሟሁ፤
ከነጩ ሳህን ግርጌ በእርሳስ መስመር አሰመርሁ፤
(እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል፤
ያልተጠራ ምስክር እንዲህ ነገር ያበላሻል።)
እንደ ፀጉር በቀጠነ የብርጭቆ ቀሰም
ጠብ አደረግሁ መስመሩ ላይ ያንን ባለ ሰረዝ ስም፤
ከጎኑም አራት ዋሶች፣ ስማቸውን የማውቃቸው፣
በእኩል ርቀት፣ እንደ ተማሪ፣ ለሰልፍ አቆምኳቸው።

ጠርሙሱን ከደንኩት። ቆጪ የተከራየሁት ቤት
ግድግዳው በሐምሌ ከታች እንደሚጠጣው እርጥበት፣
ፈሳሹ ወጣ ዝም ብሎ። ሁሉም ጉዞ ጀመረ፤
ዱቄቱን የወደደ ገና ከመነሻው ቀረ፤
መምህሬ ይህን «መሳሳብ» እንጂ ፍቅር አይለው ነበረ።
ፈሳሹን የወደደ ራቀ።
ኮሪደሩ ላይ ተማም ባዶ መሀረቡን ጨመቀ።

አወጣሁ፣ አደረቅሁ፣ ከመብራቱ ስር አገባሁ፤
ሳህኑ አረንጓዴ በራ፤ አምስት ጥቁር ጥላ አየሁ።
የራስ ምታቱ ዋስ አልፎት ሄዷል፤ የወባው ከታች ቀርቷል፤
ሦስተኛው ተቃርቦ ነበር፣ በጥፍር ስፋት ስቷል።
አራተኛው…
በማስመሪያ ለካሁ። ትከሻ ለትከሻ።
በሌላ ፈሳሽ ደገምኩ፤ አንዴ የገጠመ ሁሉ
አይገጥምም እስከ መጨረሻ።
ገጠመ።

የአራተኛው ዋስ ስም ከብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤
ሰውን ከቆመበት የሚጥለውን ሕመም ይይዛል።
እሳቱ ገባኝ ያን ጊዜ። አዌቱም ገባኝ፣ ጥልቁ፤
ሦስት ዓመት ብቻዋን ስትጠነቀቅ፣ ሰነፍ ብለው ሲስቁ።

ወጣሁ። ብድግ አለ።
«መርዝ ነው?»
«አይደለም።»
«መስተፋቅር?»
«እሱም አይደለም።»
«ታዲያ ስሙ ማነው?»

ሳህኑ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።
የስሙ ባለቤት ግን እሱም እኔም አይደለን፤
ሰረዙን እንዳለ ተውኩት።

«ሁለቱን ካገኘህበት መልስ። አንዷን የፈጨሁባት
እኔ ነኝ፤ ነገ ትጎድላታለች፤ ይቅር በይኝ ብላለች በላት።
ስሙን እሷ ትንገርህ፣ የፈለገች ዕለት።
እስከዚያ ግን፣ ወንድሜ፣
የሚታጠብ ልብስ ሲኖር፣
አዌቱ አብረሃት ውረድ።»