የ“ማ” እግር

አርባ ዓመት ሰፋሁ ሄርማታ ገበያ፣
ሱሪ ሳሳጥር፣ ኮት ስገለብጥ፣ ሳበጅ መለያ፤
ደብዳቤ የሚባል በሬን አንኳኩቶ አያውቅም፣
ከመብራት ቢል በቀር ስሜን ማንም አይጠይቅም።

ሐምሌ ነው። የጅማ ዝናብ መሽቶም ነግቶም ያው።
ባጃጅ የረጨኝን ጭቃ በመሀረብ እየጠረግኩ፣
ቢጫ ብጣሽ ወረቀት ይዤ ፖስታ ቤት ደረስኩ።
“የአደራ ደብዳቤ አለዎት” ይላል፤ ሁለቴ አነበብኩ።
ላኪ፦ ሻምሲያ አባ ራያ፣ ሊሙ ገነት።
እህቴ!
በስድሳ ሁለት ዓመቷ ፊደል የቆጠረች፣
ከልጅ ልጆቿ እኩል “ሀ ሁ” ስትል የከረመች።
ልትጽፍልኝ እንደሆነ እንኳ ትንፍሽ አላለች።

መስኮት አንድ ተዘግቷል።
መስኮት ሁለት ለቴምብር ነው፤ ቴምብሩም አልቋል።
መስኮት ሦስት ላይ ካርቶን፦ “መጣሁ” ይላል፤ ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፤
ዘበኛው ዱባለ “ሻይ ላይ ናቸው” አለኝ፤ ሻዩ ማለቂያ የለው።
ሦስት ተኩል፤ አራት ሰዓት፤ አራት ተኩልም ጠፋ፤
ከኋላዬ ያለው ተማሪ ግድግዳ ተደግፎ አንቀላፋ።

ወይዘሮ ትርሲት መጡ፤ ስልካቸውን በትከሻ ከጆሮ አጣብቀው፣
“ተዪው እሱን፣ ወንድሙ ይሻልሻል” ብለው አንዷን ድረው፣
መነጽር አጥልቀው፣ መታወቂያዬን ገልብጠው፣
“አይሆንም” አሉኝ። መጀመሪያ “አይሆንም”፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

“ፖስታው ተመም ይላል፤ መታወቂያው ተማም፤
እኔ ምን ላድርግ? ስምዎ ከፖስታው ጋር አይስማማም።”

በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ አየሁት።
ሰማያዊ ቢክ። ተጭና ስትጽፍ ወረቀቱ ተበስቷል፤
ሌላው ፊደል ሁሉ ቆሟል፤ የ“ማ” እግር ቀርቷል።

“የኔ እመቤት” አልኳቸው፣ “ልብስ ሰፊ ነኝ፤
አንድ እጅጌው ቢያጥር ኮቱ ‘ኮት አይደለም’ አይባልም፤
እስክሪብቶዎን ያውሱኝ፤ አንዲት ጭረት ናት፣ ደቂቃ አይፈጅም።”
“ሰነድ መደለዝ ወንጀል ነው!” ስልኩ ጮኸ። አነሱት።
“እህ፣ ወንድሙስ ምን አለ?”
በእጃቸው ወደ በሩ አሳዩኝ፦ ከቀበሌ ያጽፉ።

ቀበሌ፦ “ሦስት ምስክር።” ምስክር አመጣሁ።
“ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው።” ስብሰባው አለቀ።
“ማኅተሙ ሌላ ሰው ዘንድ ነው።” ማኅተሙ ተገኘ፤ ቀለሙ ደረቀ።
ዘጠኝ ቀን! በዘጠኝ ቀን የአንድ ሠርግ ሚዜ አለብስ ነበር።
በአሥረኛው ቀን፣ በማኅተም አንድ ሰው ሆኜ፣ ተመለስኩ።

“ተመልሷል” አሉ፤ “ጊዜው አልፎ፣ ለላኪው ሄዷል።”

አልተቆጣሁም። ቀና ስል ግድግዳቸው ላይ
“የአደራ አገልግሎት” በቀይ ቀለም ተጽፏል፤
ከ“አደራ” ላይ ግን “ራ” ተልጣ ረግፋለች፤
እሷን ማንም ከቀበሌ አጽፊ አላላትም።
ዱባለ አየኝ። ሳቁን በኮፍያው ሸፈነ።

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ዝናቡ አብሮኝ ተሳፈረ።
ሻምሲያ በሯ ላይ ነበረች።
“ደረሰህ?” አለች፣ ከሰላምታ በፊት።
“የት ይደርሰኛል! ቀድሜው መጣሁ፤ ገና መንገድ ላይ ነው።
በይ ንገሪኝ፣ ምን ነበር የጻፍሽው?”
“አልነግርህም። በአፍማ ስድሳ ዓመት አወራን፤
ይሄን ታነበዋለህ።”

አንድ ቡሉኮ ለሁለት ጉልበታችን ላይ ጥለን፣
ፖስተኛ የሚመጣበትን ዳገት እናያለን።
ዝም ከምል ብዬ እንጨት አነሳሁ፣
ጭቃው ላይ “ማ”ን ጻፍኩላት፣ ከነእግሯ።
ሻምሲያ አንገቷን አዘንብላ ብዙ አየቻት።

“እግር ከሌላት ታዲያ” አለችኝ፣
“እስከ ጅማ በምን ሄደች?”