ቁጥር ሰባት

የጭነት መኪናዬ ፍሬኑ ታሞ ጋራዥ ተኛ፤
እስከ አሥር ሰዓት ድረስ
ሆንኩኝ ባለጊዜ፣ ሥራ ፈት መንገደኛ።
ሃሊፋክስን ስምንት ዓመት ተመላልሼባታለሁ፤
ኮንቴይነሯን እንጂ ፊቷን መች አይቼዋለሁ?

የሞቴሉ ተረኛ ዶሪን፣ መነጽሯን በክር ያሰረች፣
ከመሳቢያዋ ሥር ጎትታ አሮጌ ካርታ ሰጠች።
"አስጎብኚ ምን ያደርጋል? ገንዘብህን አትበትን፤
ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ተከተል ቁጥሩን።
ስትጨርስ ግን መልስልኝ።"

አንድ፣ የሰዓት ማማ ነው፣ ኮረብታው ወገብ ላይ።
ሁለት ፊት ያለው ሰው አውቃለሁ፤ ይሄ አራት ፊት አለው፤
ግን በአራቱም ፊቱ አንድ ቃል ነው የሚናገረው።

ሁለት፣ ምሽጉ። በስድስት ሰዓት መድፍ ይተኮሳል፤
ማንም አይሞትም፤ ሰው ምሳውን ያስታውሳል።
ርግቦቹ ብቻ በየቀኑ እንደ አዲስ ይደነግጣሉ፤
ወዲያው ደግሞ ይረሱና ወደ ፍርፋሪው ይመለሳሉ።
(እኔም ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ዳቦዬ ከእጄ ወደቀ።
ለእነሱ በጃቸው።)

ሦስት፣ ወደቡ ዳር፣ ቀጥ ብሎ መቆም እምቢ ያለ
የመብራት ምሰሶ፤ ጎብጦ፣ ተዘርሮ፣ የሰከረ መሰለ።
የቀራጺ ሥራ ነው አሉኝ። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤
በደሞዝ ማታ ከነሱ ጋር ስንቴ ቆሜአለሁ።

አራት፣ የሲሚንቶ ማዕበል። ጽሑፉ "መውጣት ክልክል!" ብሎ ይቆጣል፤
ከልጆቹ ግማሹ ይወርዳል፣ ግማሹ ይወጣል።

አምስትና ስድስትን ጉም ሸፍኖ አሳለፈኝ፤
ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ እስከ ሽፋሽፍቴ አራሰኝ።

ሰባት ግን የለም።
ካርታው የሚታጠፍበት ላይ፣ እጥፋቶቹ በሚገናኙበት፣
ወረቀቱ ሳስቶ አልቋል፤ ቀዳዳ ነው ያለበት።
ስንት እንግዳ ገለጠው፣ ስንት ኪስ ውስጥ ኖረ!
ስድስት አለ፣ ስምንት አለ፤ ሰባት ብቻ በኖ ቀረ።

ጠየቅሁ።
ማኬሬል የሚያጠምድ ሽማግሌ፣ ክሩን ሳይለቅ ከእጁ፣
"ሰባቱማ እዚሁ ነው፤ አርባ ዓመት ኖርኩ በደጁ።"
አይስክሬም የምትሸጠው፣ ግማሽ ፀጉሯ ሰማያዊ፣
"መጋዘን ነበር፤ ፈረሰ። አሁን ፎቅ ነው፣ ባለ መስታወት፤
ብትሄድ ምንም አታይም፤ ፊትህን ነው የምታይበት።"

ከዚያ አንድ መርከበኛ፣ የፊሊፒንስ ሰው፣ ሮዴሊዮ ይባላል፤
እሱም እንደኔ ካርታ ዘርግቶ በንፋስ ይታገላል።
የሱ ካርታ አዲስ ነው።
ሰባት ላይ የጫማ መደብር አርማ ታትሞበታል።
ተያየን። ሁለታችንም ጫማችንን አየን።
ሳቅን።

እሱ የሦስት ሰዓት ፈቃድ፣ እኔ የተሰበረ ፍሬን፣
ሁለት ትኬት ቆርጠን ወደ ዳርትማውዝ በጀልባ ተሻገርን።
መሐል ላይ ጉሙ ተገፈፈ። "ያቻት መርከቤ!" አለኝ፤
ክሬኑ ከጀርባዋ ላይ ሣጥን እንደ ጥርስ ይነቅላል።
ከእነዚያ አንዱን ነው እኔ ወደ ሞንክተን የምጎትተው።
ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሸክም ይዘን በሁለት ጫፍ፣
እሱ በውኃ፣ እኔ በአስፋልት፣ ሳንተያይ ስናልፍ!

ነፋሱ ካርታውን ሊነጥቀኝ፣ ፊቴ ላይ ወጥሬ ያዝኩት፤
በቀዳዳው በኩል ከተማዪቱ ገባች፦
ማማው፣ ምሽጉ፣ የሰከሩት ምሰሶዎች፣
ሽማግሌው ከነባልዲው፣
ሁሉም በአንዲት ሽምብራ በምታክል ቀዳዳ።
"ምን አየህ?" አለኝ ሮዴሊዮ።
ሰጠሁት። አየ። ብዙ ቆየ።
"ሚስቴ ብታየው" ብቻ አለ።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያለውን አልነካሁትም።
ስልኬ ጮኸ፤ ከጋራዡ ነው።
ፍሬኑ ሻረ፤ እኔም ተሻርኩ።

ዶሪን ካርታዋን ተቀብላ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች።
"ሰፍቷል" አለች።
"ሁሉንም አየህ?"
"የቀረ አለ" አልኳት፤
"ፍሬኑ ይታመም እንጂ።"