ሦስት ፊደል

በእኛ ሁለት ሺህ ሦስት፣ በእነሱ ሌላ ቁጥር፤
ሻርጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሲኒማው ደረጃ ሥር፣
የልጆች ጨዋታ ቤት ነበር የሥራዬ ቦታ፤
ቀን የሕፃን ጫጫታ፣ ማታ የማሽን ሹክሹክታ።

ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ደረት ላይ የተሰካ ስም፤
«ራቢያ» ይላል ጽሑፉ፤ ራቢያ ግን እኔ አይደለሁም።
ደላላው ነው ያወጣልኝ ፓስፖርቱን ሲያስጨርስ፣
«በዚህ ይቀላል» ብሎ፣ እሺም እንቢም ሳልመልስ።

ከዚያ ዓመት ጨዋታ የቱን ወደድሽ ላለኝ ሰው፣
ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ በድምፃቸው ነው የምለየው።

ዓሣ ማጥመጃው ነበር፤ ባሕሩ የመስታወት፣
ውሃው የማያረጥብ፣ ዓሣው የማይሞት።
ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት፤ የእውነቱን ዓሣ አውቃለሁ፤
የዚህኛው ግን ሲያመልጥ ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

መዶሻውም ነበር፤ ከጉድጓድ ብቅ የሚል አይጥ መምቻ፤
እሱን የምነካው የተቆጣሁ ዕለት ብቻ።
የአለቃዬን መላጣ አላሰብኩም አልልም፤
ሺህ ስምንት መቶ ነጥብ እንዲያው አይገኝም።

ድቦች የታጨቁበት የመስታወት ሣጥንም ነበር፤
ብረት እጅ ወርዶ ይዞ፣ አየር ላይ ለቅቆ የሚያሳፍር።
እሱን አልወደድኩም። ሻጂ፣ የኬራላው ጠጋኝ፣
ሆዱን ከፍቶ እያሳየ ምሥጢሩን ነገረኝ፦
«አጥብቆ የሚጨብጠው ከሃያ አንዴ ነው» አለኝ።
እዚያው ጨርቄን እንደያዝኩ ደላላዬ ነው ትዝ ያለኝ።

ከሁሉ ግን ሞተር ሳይክሉ።

ቀይ ነው። መቀመጫው ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤
ስጋደል አብሮኝ ይጋደላል፣ ስፈራ ፍጥነቱ ይረግባል።
መንገዱ ተራራ ለተራራ፣ ጭጋግ ዳገቱን ውጦት፣
ከታች ገደል፤ ከፊት የማላውቀው ከተማ መብራት።
እኔ ያኔ የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፦
ከካምፕ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ካምፕ፤ አውቶቡሱ መጋረጃ አለው።
ሞተሩ ላይ መጋረጃ የለም።
ፊቴን ንፋስ ይመታዋል፤ ከማቀዝቀዣው ነው፤ ቢሆንስ፣ ንፋስ አይደለም?

ልጆች ሒሳቡ ያላለቀ ካርድ ይጥሉ ነበር ወለሉ ላይ፤
አንድ ድርሃም፣ ግማሽ ድርሃም። እኔና ሮዌና ስንጠርግ ስናይ፣
ካልሲያችን ውስጥ እንከታለን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣
የብረት በሩ ወርዶ፣ መብራቱ ሲቀር ግማሽ፣
ሮዌና ጫማዋን አውልቃ ጭፈራው ማሽን ላይ ትወጣለች፤
ቀን ወገቤን ያለች አትመስልም፤ ቀስቶቹን ትረግጣቸዋለች።

አንድ ሌሊት አንደኛ ወጣሁ።
መንገዱ አለቀ። ስክሪኑ ቆመና
«ስምሽን ጻፊ» አለኝ። ሦስት ፊደል ብቻ።
አሥር። ዘጠኝ። ስምንት።
ደረቴን አየሁት፤ ራ፣ ቢ፣ ያ፤ በእኛ ልክ ሦስት ነው፤
ትርንጎ አራት።
ማሽኑ ግን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው።
አምስት። አራት።
ቲ። አር። ኤን።
«ጎ» ውጭ ቀረች፤ ቦታ የለም።
የቀረውን ግን እናቴ ብታየው ትለየዋለች።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ አንድ ልጅ ይመጣ ነበር፤ ሑመይድ፤
ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ካርዱ ሙሉ፣ ሞተሩ ላይ የሚያብድ።
ሲሸነፍ መሪውን በቡጢ ይመታል።
«ይሄ ቲ አር ኤን የሚሉት ማነው?» ብሎ ይጠይቀኛል።
እኔ መስታወቱን እየወለወልኩ፣
«አንድ ሰው አለ» እላለሁ፤ «ማታ ማታ ነው የሚመጣው።»
«ጎበዝ ነው?»
«ጎበዝ ነው» አልኩት። ነች አላልኩም።

በዓመቱ ቤቱ ተዘጋ። አይጡንም፣ ዓሣውንም ጭነው ወሰዱ፤
ሞተሩን አጅማን ላለ ነጋዴ በርካሽ ሸጡ።
ሻጂ ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ ሲል አጠገቡ ነበርኩ።
ሲነቀል ውስጡ ያለው ስም ይጥፋ፣ አይጥፋ፣
እሱ ያውቃል።
አልጠየቅሁትም።