ስድስት ሰዓት

በአራት ሰዓት እንግዳው ይወጣል፤
በአስር ሰዓት ሌላው ይመጣል።
መሃል ላይ ስድስት ሰዓት፣
ይህ ቤት በየቅዳሜው የእኔ የሚሆንበት፣
አንሶላ ገፍፌ፣ ምድጃ ጠርጌ፣ ሒሳብ የምቀበልበት።

ቁልፉ በሩ አጠገብ ከተሰካች ሣጥን ነው፤
የምትከፈትበትን ቁጥር የሊድሱ ሰው፣
ግሬንጀር፣ በየወሩ ይቀይረዋል፤
ስልኬ ላይ ይልከዋል።
እኛ ስንኖርበት ቁልፍ የሚባል አልነበረም፤
በሩን የሚገፋው ነፋስ ብቻ ነው፣ እሱም አንኳኩቶ አያውቅም።

ከጓሮ ሙሩ ይጀምራል፤ ዛፍ ያልደፈረው አስታና ረግረግ፣
ቆቅ ከእግር ሥር ተፈናጥራ ልብ የምታስደነግግ።

አባቴ ሴዝ ካብ ካቢ ነበረ፤
ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲያስታርቅ የኖረ፤
ከልጁ ከኧርኒ ጋር ግን
ጠጠር የምታህል ቃል ሳይቀባበል ስንቱን ክረምት ያሻገረ።
እራት ላይ ካብ ለካብ እየተያየን እንበላለን፤
ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲያወራ፣ እሱን እናዳምጣለን።
አንድ ማለዳ የኧርኒ ቦት ጫማ ከደጃፉ ታጣ።
አባቴ፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ ወደ ካቡ ወጣ።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የእንግዶች መዝገብ አለ።
አንዷ በዝምታው ተደንቃለች፤ አንዱ ስልክ አይሠራም አለ።
አንዲት ልጅ በቀይ እርሳስ፦ "በጉ በመስኮት አየኝ።"
(ይህችኛዋ ትመቸኛለች፤ እኔንም ብዙ በግ አይቶኛል፣ አየሁትም አላልሁ፣ አየኝ።)
ሙሩ ወይን ጠጅ ሲለብስ፣ ነሐሴ ላይ፣ አስታው ሲያብብ የመጡ
"ገነት ነው!" ብለው ፈርመው ወጡ።
የካቲት ላይ፣ ጉሙ እንደ ሞተ ላም ደጃፍ ላይ ሲጋደም፣
ገነትን የጠየቀ የለም።

የዚህ ሳምንቱ እንግዳ ማን እንደነበር አልተነገረኝም፤
ለአጽጂ ስም አይላክም።
"ሁለት ሰው" ይላል መልእክቱ። ሁለት ሳህን ወጥቷል፤
አንዱ ታጥቦ ደርቋል፤
አንዱ፣ ሹካው ከግራ፣ ቢላው ከቀኝ፣
ሰው የሚመጣ ይመስል፣ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃል።

ፎቅ ወጣሁ። አልጋውን አዙሮታል፤
ምንጣፉን ገልጦ፣ ሙሩን ከሚያሳየው መስኮት አስጠግቶታል።
በዘጠኝ ዓመት አንድም እንግዳ እንዲህ አላደረገም።
ጎንበስ አልሁ። ያ ከነቤቱ የተሸጠው የብረት አልጋ፣
እናቴ የታመመች ጊዜ ወለሉ ላይ በቀረጻቸው
አራት ጉድጓዶች አራት እግሩን ከትቷል፤
እንደ አባቴ ድንጋይ፣ ክፍተት የለውም።
እነዚህን ጉድጓዶች የሚያውቅ በምድር ላይ ሁለት ሰው ነው፤
አንዷ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።

መዝገቡን ገለጥሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ ስም የለውም፤
ፊደሉ ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ ግራ ያዘመመ፦
"ዝናብ ነበር። ካቡ አለ፤ አልፈረሰም።"
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቤቴ ቁልቁል ሁለት ማይል ነው፤ ከዚህ መስኮት መብራቴ ይታያል።
ሰባት ሌሊት አይቶታል።
የአባቱ ልጅ፣ የነፋሱ ወንድም፣
ማንኳኳት አልለመደም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ምሳ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።
በቀረበልኝ ሳህን ዳቦና አይቤን በላሁ፤
አጠብሁት፤ ከደረቀው ጎን አስቀመጥሁ።
ከዚያ በእሱ ጽሕፈት ሥር፣ በግሬንጀር እስክሪብቶ፣
እጄ በረኪና ሸትቶ፦
"ሃያ አንድ ዓመት ቆየሁ። ዝናብ ነበር።
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከአራት በኋላ፣ ክፍት ነው በር።"
ሂልዳ ብዬ ፈረምሁ፤ ቢያንስ አንዳችን ስም ይኑረን።

አንሶላው ገመድ ላይ ሲያጨበጭብ ዋለ።
አስር ሰዓት፦ መኪና ጠጠሩን አንኮሻኮሸ፤
አንድ ሕፃን "ደረስን?" አለ።
ቁልፉን ሣጥኗ ውስጥ ከተትሁት።
ሁሉም እንደ ፎቶው ይሁን ይላል ግሬንጀር፤
አልጋውን ግን
አልመለስሁት።